ከቧንቧው ሥር ያለው ነጭ ነገር



ባለፈው ሳምንት በቅርቡ ከጎንደር የመጣች አንዲት እህታችን ቤቷ ጠራችኝና ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ከፈተችልኝ። «ጋሼ፣ ይኸ ምንድን ነው? ቤቱን ሲሰጡን ልብ አላልኩትም ነበር። እኔ ያበላሸሁት መስሏቸው ያስከፍሉኝ ይሆን?» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በፍሳሽ ቧንቧው መጋጠሚያ ላይ ጠርዙ አረንጓዴ የሆነ ነጭ ነገር እንደ እከክ ተለጥፏል። ሳቄ መጣ፤ ግን አልሳቅሁም። ይኸው ነገር አንድ ክረምት እናቴን አስለቅሷታልና። እንግዲህ ታሪኩን ለእሷ እንደነገርኳት ለእናንተም ልንገራችሁ።

እኛ የመጣነው በፈረንጆች አቆጣጠር በግንቦት ወር 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ መነሳቱን ሁላችሁም ስለምታውቁ አልደግመውም። ከመርካዝ ክሊታ ወጥተን እዚህ ኔታንያ አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ በመሽካንታ ቤት የገዛነው በ1994 ነበር። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። እናቴ ደረጃውን በወጣች ቁጥር «የኛ አገር ዳገት ይሻላል፣ እሱስ ንፋስ አለው» ትል ነበር።

ጤፍ ያኔ እንደ ልብ አይገኝም። እናቴ የስንዴና የሩዝ ዱቄት ቀላቅላ ታቦካለች፤ ዓርብ ጠዋት ደግሞ የሰንበቱን ዳቦ ትጋግራለች። ቡሃቃውንም እዚያው ማጠቢያው ላይ ታጥበዋለች።

በ1995 መጀመሪያ፣ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ ከኛ በታች ያሉት የጎረቤታችን ጣሪያ ላይ የእርጥበት እድፍ ወጣ። የቫአድ ባይቱ ሰውዬ ወደኛ ቤት መጣ። ከማጠቢያው ሥር አጎንብሶ ያንን ነጭ ነገር በቁልፉ ፋቅ ፋቅ አደረገና «ባጼቅ!» አለ። ሊጥ ማለቱ ነው። «ይኸ የናንተ እንጀራ ነው። ቧንቧውን ዘግቶታል፣ ውሃውም ወደ ታች ወርዷል። ሊጥ መድፋት ካላቆማችሁ ቧንቧው በሙሉ በናንተ ሒሳብ ይቀየራል» ብሎን ሄደ።

እኔ ዕብራይስጡን ለእናቴ ስተረጉምላት ግማሹን አለዝቤ ነበር። እሷ ግን ፊቱን አይታ ሁሉንም ገብቷታል። ምጣዱን በነጠላ ሸፈነችው። «በሰው ቧንቧ ላይ ጥፋት ሠርቼ ነው ለካ» አለችና መጋገር ተወች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሱቅ የተገዛ ለሔም በላን። አባቴ አንዴ ይቆርስና ይተወዋል፤ ምንም አይናገርም። ዝምታው ለእናቴ ከቫአድ ባይቱ ንግግር ይብስባት ነበር።

እናቴ አገር ቤት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጣቶቿ አፈር ያውቃሉ። አንድ ማታ ከኩሽና «ልጄ፣ እስቲ ና!» ብላ ጠራችኝ። ከቧንቧው ላይ በቢላ ጥቂት ቁራጭ አንስታ በጣቶቿ መካከል ታሸዋለች። «ይኸ ሊጥ አይደለም። ሊጥ ሲደርቅ ይሰነጠቃል እንጂ እንዲህ አይሻክርም። አሞሌም አይደለም፣ ቀምሼዋለሁ» አለችኝ። (እናንተ እንዳትቀምሱ! ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።)

ከዚያ ሁለት ስኒ አመጣች። በአንዱ ከቡሃቃ የተፋቀ የደረቀ ሊጥ፣ በሌላው ያንን ቁራጭ አደረገችና ውሃ ሞልታባቸው ተኛች። ጠዋት ስናይ ሊጡ ሟሙቶ ውሃው እንደ ወተት ሆኗል። ያኛው ግን እንደነበረ ቁጭ ብሏል። «አየህ?» አለች እናቴ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ስትናገር ሰማኋት።

በዚያን ቀን ማታ ቁራጩን በመሐረብ ጠቅልላ ወደ ማታው ኡልፓን ይዛው ሄደች። ሞራችን ገና ስታየው «አቭኒት!» አለችና ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። «ኤቨን የሚለውን ታውቃላችሁ አይደል? አቭኒት የመጣው ከዚያ ነው፤ ውሃ የሚተወው ድንጋይ ነው» አለችን። ከመምህራን ክፍል ኮምጣጤ አመጣችና ጠብ አደረገችበት። ቁራጩ ወዲያው እንደ ጠላ አረፋ ማውጣት ጀመረ። ሊጥ ወይም ጨው ቢሆን እንዲህ አያደርግም፤ የኖራ ድንጋይ ግን ያደርጋል። ክፍሉ በሙሉ ተሰብስቦ አየ። እናቴ መሐል ቆማ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ አገር ተራሮች ላይ የሚዘንበው ዝናብ ወደ መሬት ሲሰርግ ከአፈሩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀላቀልበትና በጥቂቱ የአሲድ ጠባይ ያገኛል። ተራሮቹ በብዛት የኖራ ድንጋይ ስለሆኑ ውሃው እነሱን ትንሽ ትንሽ እያሟሟ ይወርዳል። በአንድ ሊትር የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ጥቂት መቶ ሚሊ ግራም የሚሆን እንዲህ ያለ ማዕድን ይኖራል። በዓይን አይታይም፣ ለጤናም አይጎዳም። ነገር ግን ውሃው ሲፈላ ወይም ሲደርቅ ድንጋዩ ተመልሶ ይቀራል። በቁምቁም ውስጥ፣ በዱድ ሸሜሽ ውስጥ፣ በሻወሩ ቀዳዳ ላይ የምታዩት ነጭ ነገር ሁሉ ይኸው ነው።

ታዲያ በፍሳሽ ቧንቧው ውጪ ምን ሊሠራ መጣ? ይኸን ያስረዳን ኢንስታላቶሩ ነው። በመጋጠሚያው ውስጥ ያለችው የጎማ ቀለበት ደርቃ ነበር። ውሃው በቀን ጥቂት ጠብታ ብቻ ያፈስሳል። ጠብታው ወዲያው ስለሚደርቅ እርጥበት አይታይም፤ ድንጋዩ ግን ቀን በቀን ይከመራል። ዝናብ በበዛበት ወራት ደግሞ ቤቱ ስለማይደርቅ ጠብታው ቧንቧውን ተከትሎ ወለሉን አልፎ ወደ ጎረቤታችን ጣሪያ ወርዷል። አረንጓዴው ጠርዝ ከመጋጠሚያው ናስ የወጣ የመዳብ ዝገት ነው። አትቅመሱት ያልኳችሁ በዚህ ምክንያት ነው፤ መርዝነት አለው።

እውነቱን ለመናገር ግን ኢንስታላቶሩ ሲፎኑን ሲፈታው ከውስጡ ሌላ ነገር ወጣ። ግራጫ፣ የሚያሙለጨልጭ፣ የሚሸት ነገር ነው። «ይኸኛው የናንተ ነው» አለን። የቀዘቀዘ ዘይት፣ ሳሙናና ሊጥ ከውሃው ኖራ ጋር ተጣብቆ ነበር። እናቴ አልተከራከረችም። «የኔን የኔ ነው እላለሁ፣ ያልሆነውን ግን አልቀበልም» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡሃቃውን መጀመሪያ በእጇ ጠርጋ ጥራጊውን ቆሻሻ ውስጥ ትጥላለች፤ ዘይትም በጠርሙስ አጠራቅማ ትጥለዋለች እንጂ ወደ ቧንቧ አትደፋም። የከፈልነውም የአንዲት ጎማ ዋጋና የሠራተኛውን ድካም ብቻ ሆነ።

ከሞሮኮ የመጡ አሮጊት ነበሩ ከኛ በታች ያሉት ጎረቤት። እናቴ ስኒውንና ኮምጣጤውን ይዛ ወርዳ አሳየቻቸው። አሮጊቷ የራሳቸውን ቁም ሣጥን ሲከፍቱ እሳቸውም ቤት ያው ነጭ ነገር ተለጥፎ ተገኘ! ሁለቱም በማይገጥም ቋንቋ እየተነጋገሩ ሳቁ። የቫአድ ባይቱ ሰውዬ ይቅርታ አላለም። ግን ሌላ ጊዜ ደረጃ ላይ ሲያገኛት «ሻሎም» ማለት ጀመረ። ዓርብ ጠዋት ምጣዱ ተገለጠ፤ አባቴም ሦስት እንጀራ በላ።

በዚያው ዓመት ኡልፓኑ በቤት ሼሜሽ አጠገብ ወዳለው የሶሬቅ ዋሻ ወሰደን። በ1968 ድንጋይ ለማውጣት ሲያፈነዱ የተገኘ ዋሻ ነው። ውሃ በሺህ ዓመታት ጠብ፣ ጠብ እያለ ከጣሪያው ድንጋይ አንጠልጥሎ፣ ከሥሩም ድንጋይ አቁሟል። ሁሉም ዝም ብሎ ሲያደንቅ እናቴ ጮክ ብላ «ኧረ ይኸ እኛ ማጠቢያ ሥር ያለው ነው!» አለች። እውነትም ያው ነው። ልዩነቱ ጊዜ ብቻ ነው።

ዛሬ ነገሩ ትንሽ ተለውጧል። በ2005 አሽቀሎን ላይ፣ ቀጥሎም ከኛ በስተሰሜን ሐዴራ ላይና በሌሎች ቦታዎች የባሕር ውሃን ጨው የሚያወጡ ትላልቅ ፋብሪካዎች ተሠርተዋል። የባሕሩ ውሃ ተጣርቶ ሲወጣ ኖራ የለውም ማለት ይቻላል፤ እንዲያውም ቧንቧውን እንዳይበላ ብለው ጥቂት ኖራ መልሰው ይጨምሩበታል። ሆኖም ከጉድጓድ ውሃ ጋር ስለሚቀላቀል አቭኒት ጨርሶ አልጠፋም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይኸን ነገር ስታዩ አትደንግጡ። መጀመሪያ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ አቭኒት ነው፤ በኮምጣጤ በራሰ ጨርቅ አንድ ሰዓት ሸፍናችሁ ብትፍቁት ይለቃል። ኮምጣጤ ከበረኪና ጋር፣ እዚህ ኤኮኖሚካ ከሚሉት ጋር ማለት ነው፣ በጭራሽ እንዳይቀላቀል፤ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ካጸዳችሁ በኋላ በመጋጠሚያው ዙሪያ ደረቅ ወረቀት ጠቅልሉ። በማግስቱ ወረቀቱ ከራሰ ቧንቧው ያፈስሳል ማለት ነውና ለአቭ ባይት ንገሩ። «ኖዜል» ማለት «ይፈስሳል» ማለት ነው፤ ይህን አንድ ቃል ካወቃችሁ ሌላውን በጣት ማሳየት ይቻላል።

ለዚያች እህታችንም ይኸንኑ አደረግንላት። ኮምጣጤው አረፋ ሲያወጣ «ታዲያ እኔ አይደለሁማ!» አለች። አዎ፣ አንቺ አይደለሽም። ሰው ጣቱን ሲቀስርብን ጥፋታችን ነው ብለን ቶሎ ከማጎንበሳችን በፊት፣ ወይም አይደለም ብለን ቶሎ ከመቆጣታችን በፊት፣ ሁለት ስኒ ውሃ አምጥቶ ማየት ደግ ነው።

እናቴ ዛሬ በሕይወት የለችም። ያቺ ቁራጭ ድንጋይ ግን በመሐረቧ እንደተጠቀለለች ቤቴ አለች።

ቸር ይግጠመን።