ከሪራ እስከ ቦሌ፦ ልጅን የመሸኘት ወግ



ከሮቤ ተነስቶ ወደ ደሎ መና የሚሄድ መንገደኛ 14 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ጎባ ይደርሳል። ከጎባ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። መኪናው እያቃሰተ ሰነቴ አምባ ላይ ይወጣል። ይህ አምባ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ሲሆን፣ በላዩ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል፤ በኦሮምኛ «ቀይ ተራራ» ማለት ነው። በብርዱ መካከል ጅብራ ተተክሎ ይታያል፤ ዕድል የቀናው መንገደኛም ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ስታደባ ያያል። አምባው ሲያልቅ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሐረና ደን ቁልቁል ይወርዳል። አስታው ሽበት የመሰለ ሽበቶ ተከናንቦ፣ ጭጋጉ ከዛፍ ዛፍ እየተንጠለጠለ፣ በመካከሉ ቤቶች ብቅ ይላሉ። ሪራ ይህች ናት።

የሪራ ሰው ከከብቱ፣ ከማሩና ከቀርከሃው ጋር የሚኖር ነው። ቀፎው ዛፍ ላይ ይሰቀላል፣ አጥሩ በቀርከሃ ይታጠራል፣ ሩቅ መንገድ በፈረስ ይኬዳል። መንደሯ ያለችበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ምዝገባው የተወሰነበት ጉባኤ የተካሄደው በሪያድ ከተማ ነበር። የባሌ እናት ግን የሪያድንና የጅዳን ስም የሰማችው ከዚያ ብዙ ቀደም ብላ ነው፤ ልጇ እዚያ የሰው ቤት ትሠራለችና።

በቁጥር የተሰጠ ዕረፍት

በስደት ያለች ልጅ ቤተሰብ ለመጠየቅ ስትመጣ የምትቆይበት ቀን የተቆጠረ ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ «ኹሩጅ ወ ዓውዳ» የሚባል፣ ወጥቶ የመመለስ ፈቃድ አለ። ፈቃዱ የመመለሻ ጊዜው የተወሰነ ነው፤ ጊዜው ካለፈ ሥራውም ኢቃማውም ይቀራል። ከመጋቢት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሳዑዲ ብዙ የውጭ ሀገር ሠራተኞች ያለ አሠሪ ፈቃድ ወጥተው እንዲመለሱ ብትፈቅድም፣ የቤት ሠራተኞች በዚያ ማሻሻያ አልተካተቱም። ስለዚህ የአንዲት እናትና ልጅ መገናኘት በሦስተኛ ሰው እሺታ ላይ ይንጠለጠላል። ወረቀት የሌላትማ ከወጣች መመለሻ ስለማይኖራት፣ ናፍቆቷን ውጣ ትቀመጣለች።

ተሸኝቶ መሄድ ራሱ ጸጋ መሆኑን የተረዳነው በ2006 ዓ.ም. ነው። ከኅዳር ወር ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባረው ተመልሰዋል። ብዙዎቹ የላባቸውን ዋጋ እንኳ አልያዙም ነበር። በሰላም መጥታ፣ በሰላም ሰንብታ፣ ወላጆቿ መርቀዋት የምትሄድ ልጅ ያላቸው ሁሉ አልሐምዱሊላህ ሊሉ ይገባል።

የሪራ ሽኝት

በአንድ የዒድ ሰሞን ለዘመድ ጥየቃ ሪራ ሰንብቼ ሳለሁ፣ ከጅዳ የመጣች የጎረቤት ልጅ ስትሸኝ አይቻለሁ። እናቲቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጭኮ በዕቃ አሸገች። የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ስለሆነ ሩቅ መንገድ ይችላል። ከታች ከሐረና የመጣ ቡና ተፈላ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አባቷ ሁሉን አስቀምጠው ረጅም ዱዓእ አደረጉ፤ የተሰበሰበውም አሚን አለ።

መኪናው ከመንደሩ ጫፍ ይጠብቅ ነበር። እናቲቱ የልጇን እጅ ይዘው እስከዚያ በእግራቸው ሄዱ። አላለቀሱም፤ ቢያንስ ልጅቷ እያየች አላለቀሱም። መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ቃል ነው፦ «ነጋን ገሊ»። በሰላም ግቢ ማለት ነው። ኦሮምኛ ለሚወጣ ሰው የሚመኝለት መግባትን ነው፤ አማርኛችንም እንዲሁ «በሰላም ግባ» ይላል። መኪናው ወደ ሰነቴ ዳገት ከታጠፈ በኋላ ጭጋግ ዋጠው። ድምፁ ግን ለጥቂት ጊዜ ይሰማ ነበር፤ እናቲቱም ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙዓዝ ኢብን ጀበልን (ረ.ዐ.) ወደ የመን ሲልኩት እንዲሁ ሸኝተውታል። ሙዓዝ በግመሉ ላይ ሆኖ፣ እርሳቸው ከጎኑ በእግራቸው እየሄዱ ይመክሩት ነበር። ምክሩ ሲያበቃ ከዚያ ዓመት በኋላ ምናልባት እንደማያገኛቸው ነገሩት፤ ሙዓዝም አለቀሰ። ከየመን ሲመለስ በእርግጥ አላገኛቸውም። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን፦ የሚሄድን ሰው በእግር መከተል ትንሽ ሥራ አይደለም፤ ደግሞም እውነቱን ሸሽጎ «ቶሎ እንገናኛለን» ከማለት፣ እንደ መጨረሻ ሽኝት አድርጎ መሸኘት ይሻላል።

በየቤታችን የምናየው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ልጅቷ ስትመጣ ሻንጣዋን እንቀበላለን፤ ስትሄድ የምንሰጣት የጥያቄ ዝርዝር ነው። የአጎት ልጅ ስልክ፣ የወንድም ሞተር ብስክሌት፣ ያላለቀ ቤት ቆርቆሮ። ባለፈው የላከችው ገንዘብ የት እንደ ደረሰ ግን የሚነግራት የለም። የመጨረሻዋ ምሽት በሒሳብ ታልቃለች። ልጅቷም «እኔን ናፍቃችሁ ነው ወይስ ሪያሉን?» ብላ በልቧ እየጠየቀች ትሳፈራለች። ይህ ጥያቄ በባዕድ አገር ኩሽና ውስጥ፣ በሌሊት፣ ብቻዋን ስትሆን እንዴት እንደሚከብድ አስቡት።

ለወላጆችና ለልጆች

ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) ልጆቻቸውን ወደ ግብጽ ሲልኩ በአንድ በር እንዳይገቡ መክረዋቸዋል፤ ምክራቸው የአላህን ውሳኔ እንደማይመልስም ነግረዋቸዋል። ጥንቃቄና ተወኩል አብረው ይሄዳሉ። የውጭ ሀገር የሥራ ስምሪት ሕግ የሥራ ውል በመንግሥት አካል እንዲጸድቅ ያዛል። እንግዲህ የውሉ፣ የፓስፖርቱና የኢቃማው ቅጂ እናት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። የአሠሪው ስልክና አድራሻ ይጻፍ። ልጅቷ ያለባት ወይም ያላት ብድር፣ አደራዋም ጭምር፣ ምስክር ባለበት ይመዝገብ። ገንዘብ ነክ ጉዳይ ሁሉ ከመሄጃዋ ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድሞ ይለቅ፤ የመጨረሻው ምሽት የዱዓእና የጨዋታ ይሁን።

እናንተም ልጆች፣ ቦሌ የስንብት ቦታ አይደለም። እዚያ ሻንጣ ይመዘናል፣ ሰልፍ ይጠብቃል፣ ሸኚም እስከ አውሮፕላኑ በር አይከተልም። የልባችሁን ሁሉ ለወላጆቻችሁ እቤት ሳላችሁ ንገሯቸው። የበደላችኋቸው ካለ ዐውፍ አስብሉ። አቅም ካጣ አባታችሁ ጋር ወደ መስጂድ ሂዱ፤ እርምጃችሁንም በእርምጃው ልክ አድርጉ።

የሄዱትን በሄዱበት የሚጠብቅ፣ የቀሩትንም በቀሩበት የሚያጽናና አላህ ነው። ወላጆችን ከልጆቻቸው ጋር በዱንያ በሰላም፣ በአኺራም በጀነት ያገናኝልን። አሚን።