ጦሃራ ነው ማለት ይጠጣል ማለት አይደለም



የኢማማችን ረዳት በመሆኔ የሰው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሰው እኔ ዘንድ ነው። ቆቃ ግድብ አካባቢ ዘመድ ጥየቃ በሄድኩበት ጊዜ አንድ አባት፣ "ልጄ፣ ውሃው እንዲህ አረንጓዴ ሆኖ ውዱእ ይሆናል ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። በመድረሳ የተማርነውን ነገርኳቸው፦ በዐረብኛ "ጡሕሉብ" የሚባለው፣ ውሃ ውስጥ በራሱ የሚበቅለው አልጌ የለወጠው ውሃ ጠሁርነቱን አያጣም፤ ውሃን ከርሱ መጠበቅ አስቸጋሪ ነውና። እሳቸውም "አልሐምዱሊላህ፣ እንግዲያው ይጠጣላ!" አሉ።

"አይ አባባ፣ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው" አልኳቸው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ሌላ ጥያቄ ነው።

የቆቃን ውሃ አረንጓዴ ከሚያደርጉት ዋነኛው ማይክሮሲስቲስ የተባለ ሳይኖባክቴሪያ ነው። ይህ ፍጥረት ማይክሮሲስቲን የሚባል፣ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ተመራማሪዎች መርዙን በቆቃ ውሃ ውስጥ አግኝተውታል።

ታዲያ ውሃው ውስጥ ምን ያህል እንዳለ በምን ይታወቃል? ባዮሎጂ የሚያጠና የእህቴ ልጅ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ሳይኖባክቴሪያ ብርሃንን የሚሰበስበው በቅብብል ነው። ፋይኮሳያኒን የተባለው ሰማያዊ ቀለም 620 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርቱካናማ ብርሃን ይቀበልና ጉልበቱን ለጎረቤቱ ለአሎፋይኮሳያኒን ይሰጣል። እሱ ደግሞ ለክሎሮፊል ያደርሳል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ሱብሓነላህ!

ነገር ግን ጉልበቱ ሁሉ አይሻገርም። በየመንገዱ የቀረችው ጥቂት ጉልበት ቀይ ፍካት ሆና ትወጣለች። ፍሎረሰንስ የሚባለው ይህ ነው። በቤተ ሙከራ ናሙናውን በፈሳሽ ናይትሮጅን እስከ 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ያቀዘቅዙና ለፋይኮሳያኒን የሚስማማውን ብርሃን ያበሩበታል፤ ከዚያ የትኛው እንደፈካ ያያሉ። ከ685 ናኖሜትር ጀምሮ ያለው የክሎሮፊል ፍካት ከጎላ ጉልበቱ ደርሷል ማለት ነው። ፋይኮሳያኒን ራሱ 650 አካባቢ አብዝቶ ከፈካ ደግሞ ቅብብሉ ተቋርጧል።

ሐይቅ ላይ የሚሠራበት መሣሪያም በዚሁ መንገድ ነው የሚለካው። ውሃ ውስጥ ይነከርና 590 አካባቢ ያለ ብርሃን ይልካል፤ 650ዎቹ ላይ የሚመለሰውን ፍካት ያነባል። ተራው አረንጓዴ አልጌ ፋይኮሳያኒን ስለሌለው ሁለቱን ለመለየት ይረዳል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል።

አንደኛ፣ መሣሪያው የሚለካው ቀለሙን እንጂ መርዙን አይደለም። በጭቱና በአረንጓዴ ሐይቆች የሚበቅለው፣ ፍላሚንጎ የሚመገበው ስፒሩሊናም ይህ ቀለም አለው። ስለዚህ ፍካቱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ፍርዱ የሚሰጠው በመርዝ ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዘወትር የመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጊዜያዊ መመሪያ ለማይክሮሲስቲን-ኤልአር በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ውሃው ሲፈላ ፋይኮሳያኒን ይበላሻል፤ ፍካቱም ይጠፋል። መርዙ ግን በማፍላት አይጠፋም። እንዲያውም ሕዋሱ ሲፈነዳ ውስጡ የነበረው መርዝ ወደ ውሃው ይወጣል። "አፍልቼዋለሁ" ብላ ለልጇ የምታጠጣ እናት ከጀርም ጠብቃዋለች፤ ከዚህ መርዝ ግን አልጠበቀችውም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ አረንጓዴ አረፋ ከተንሳፈፈበት ውሃ ለመጠጥ አንቅዳ፤ ልጆችንና ከብቶችንም ከዚያ እናርቅ። የተመረመረ የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውሃ ካለ እሱን እናስቀድም። ከሌለ ደግሞ የመስጂድ ኮሚቴዎችና የአገር ሽማግሌዎች ተሰባስበው ውሃው እንዲመረመር የሚመለከተውን ክፍል ይጠይቁ። የውዱኡን ጥያቄ ለኡስታዝ፣ የመጠጡን ጥያቄ ለመርማሪው እናቅርብ። ነፍስን ከጉዳት መጠበቅም ዲናችን ያዘዘን ነው።

ወላሁ አዕለም።