ከሣቁ በስተኋላ

ሐዋሳ ፒያሳ፣ ከእህቴ ልጅ ጎን ተቀምጬ «ዲስጋያ» የተሰኘውን የጃፓን የቪዲዮ ጨዋታ መጫወት ከጀመርሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ጨዋታ፣ እንደ ቼዝ በአራት ማዕዘኖች በተከፋፈለ ሜዳ ላይ ተራ በተራ የሚካሄድ የስልት ውጊያ ነው። ተዋጊው እስከ 9999ኛ ደረጃ ያድጋል፤ እኔ ግን ደጋግሜ እሸነፋለሁ።

ቀልዱ አያልቅም። «ፕሪኒ» የተባሉት ፔንግዊን መሰል አገልጋዮች የኃጢአተኞች ነፍስ ያደረባቸው ናቸው፤ ዕዳቸውን በጉልበት ይከፍላሉ፤ ሲወረወሩም ይፈነዳሉ። ትናንት አንዱን ወርውሬ ድል አደረግሁ። ሣቅን። ጥቂት ቆይቶ ልጁ፣ «ጋሼ፣ ሳይወረውሩት ማሸነፍ አይቻልም?» አለኝ።

ተውኔት ጸሐፊ ነኝና ገጸ ባሕርይን ለአንድ ሣቅ መሠዋት ልማዴ ነበር። ውጊያውን ከመነሻው ጀመርነው። እስካሁን አላሸነፍንም።