ከአያታችን የቀሩን ፖስት ካርዶች

አያታችን ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ በባቡር የላኳቸው ሃያ ሦስት ፖስት ካርዶች በእናታችን ሣጥን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተቀምጠው ኖረዋል። ፊታቸው ወደብ፣ ጣቢያና ግመል ነው። ለእኛ ግን ዋናው ጀርባቸው ነው። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ፣ ሰላምታው ረጅም፣ ጉዳዩ አጭር መልእክት አለው። ከእርሳቸው እጅ የቀረን ጽሑፍ ይኸው ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት የአዲስ አበባው ቤታችን ጣሪያ አፍስሶ ሣጥኑ እርጥበት ገባው፤ ካርዶቹም ሻገቱ። ታናሽ ወንድማችን በእርጥብ ጨርቅ እንጥረጋቸው አለ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ በረኪና ጠብ ቢደረግበት እንደ አዲስ ይነጣል ብለው መከሩን። ሁለቱንም አልተቀበልንም።

ውድ አንባቢያን፣ እንዲህ ያለ ካርድ ቢኖራችሁ አስቀድሞ በአጉሊ መነጽር ተመልከቱት። ሥዕሉ በጥቃቅን ነጥቦች ከተሞላ በማተሚያ የታተመ ነው። ነጥብ የሌለው፣ ጥቁሩ ቦታ ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት እንደ ብር የሚያበራው ግን ፎቶግራፍ ነው። የፎቶግራፍ ምስል የሚያርፈው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚሠራ ጄላቲን ላይ ነው። ጄላቲን ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ በጨርቅ ቢታሽ ምስሉ አብሮ ይነሣል።

ሻጋታን እርጥብ ሳለ መጥረግ ማሰራጨት ነው። ስለዚህ ካርዶቹን ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር ለየብቻ ዘርግተን አደረቅናቸው። ፀሐይ ላይ አላወጣናቸውም፤ ቀለም ታደበዝዛለች። ከደረቁ በኋላ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ ደጅ ሆነን፣ በለስላሳ ብሩሽ ከመሐል ወደ ዳር ጠረግናቸው። የታተሙት ካርዶች ባዶ ጠርዝ ላይ ለነበረው የጣት ዕድፍ ነጭ የፕላስቲክ ላጲስ በቢላዋ ፍቀን፣ ብናኙን በጣታችን ጫፍ ቀስ ብለን አዞርነው። ጽሑፍና ማኅተም ያለበትን አልነካንም። በዳቦ ፍርፋሪ የሚያጸዱም አሉ፤ የሚቀረው ፍርፋሪ ግን ተባይ ይጠራል።

ቡናማ ነጠብጣቦቹን እንዳሉ ተውናቸው። በረኪና ነጠብጣቡን ቢያነጣም የወረቀቱን ጭረት ያደክማል፤ የአያታችንንም ቀለም ይዞ ይሄዳል። በአንደኛው ካርድ ላይ የስኒ ክብ ቅርጽ አለ። እናታችን የእናታቸው ቡና ነው ይላሉ፤ ካርዱን እየደጋገሙ ያስነብቡ ነበርና። ሰብሳቢ ቢያየው ዋጋውን ይቀንስበት ይሆናል። እኛ ግን አንሸጠውም።

አሁን እያንዳንዱን አሲድ በሌለው ወረቀት ለይተን፣ መሬት ሳይነካ፣ ከግድግዳ ራቅ ባለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠናል። የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ ያላቸውን የድሮ አልበሞች አልተጠቀምንም፤ ከጊዜ በኋላ ከሥዕሉ ጋር ይጣበቃሉ።

ሁለት ካርዶች ግን የአንዱ ፊት ከሌላው ጀርባ ጋር ተጣብቀው ቀርተዋል። በኃይል ቢላቀቁ ጽሑፉ ይላጣል። በእርጥበት ቀስ አድርጎ የሚያላቅቅ ባለሙያ እስክናገኝ እንዳሉ ይቆያሉ። እናታችን በመሐላቸው ምን እንደ ተጻፈ በየሳምንቱ ይጠይቁናል።