እውነት የሚነግር ማዳመጫ

የጆሮ ማዳመጫ ሲመረጥ የሚያቈላምጠውን ትቶ እውነቱን የሚነግረውን መያዝ እንደሚገባ የተማርሁት አፍሬ ነው።

ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮኑን ከከበሮ ማሽን ጋራ እንዳዋሐደ ሁሉ፥ እኔም ባቅሜ እዚሁ ሐዋሳ የአንድ ተማሪዬን ክራር ከኤሌክትሮኒክ ከበሮ ጋራ በኮምፒዩተር አቀናበርሁ። ማዳመጫዬ ወፍራሙን ድምፅ የሚያጋንን ነበረና በዛ ብዬ ቀነስሁት። በወላጆች ቀን በትልቁ ድምፅ ማጉያ ሲሰማ ከበሮው የጣሳ ድምፅ ሰጠ። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበረ።

እንግዲህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፥ ጆሮን ገጥሞ የሚዘጋ ይሁን፤ ጀርባው ክፍት የሆነው ድምፁ ሰፊ ቢሆንም የባጃጁን ጩኸት ያስገባል። ሁለተኛ፥ የኦሙን ቍጥር ተመልከቱ። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ በ32፥ በ80ና በ250 ኦም ተሠርቷል፤ ባለ 250ው ያለ ማጉያ በላፕቶፕ ሲሰማ ሊደክም ይችላል። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስቱዲዮ ባለሙያዎች የለመዱት ሶኒ ኤምዲአር 7506 ግን 63 ኦም ብቻ ነው። ዋጋው ለከበደው ኦዲዮ ቴክኒካ ኤም20ኤክስ ለመነሻ ይበቃል። ሦስተኛ፥ ብሉቱዝ አይሁን፤ ድምፁ ስለሚዘገይ ጣትና ከበሮ አይገጥሙም።

ከሁሉም በላይ አንድ ማዳመጫ ብቻውን አይታመንም። እኔና ልጁ ዜማውን እንደገና ሠርተን፥ ለሰው ከማሰማታችን በፊት በስልክም በባጃጅ ቴፕም አደመጥነው። ባለ ባጃጁ ሳይነገረው ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ልጁም ያን ጊዜ ቀና አለ።