ከደጃፋችን የሰፈረው ተርብ



ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ ውስጥ ተርብ ጎጆ ሲሠራ ቤተሰብ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ካልነኩት አይነካም፣ ተዉት» ይላል፤ ግማሹ «ችቦ አምጡ!» ብሎ ይነሳል። እኛም ኮምቦልቻ በሚገኘው የወላጆቻችን ቤት ይህን ክርክር ደጋግመን ሰምተነዋል። ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ፤ የጎደላቸው ልክ ነው። ጉዳትን ማስወገድ ይገባል፤ ሲያስወግዱ ወሰን ማለፍ ግን አይገባም።

በመጀመሪያ ነፍሳቱን እንለያቸው። ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር በቀጭን ዘንግ ተንጠልጥሎ ወረቀት የመሰለ ጎጆ የሚሠራው ተርብ፣ ወገቡ ቀጭን እግሮቹ ረጃጅም ናቸው። ወረቀቱን የሚያዘጋጀው ከአጥርና ከበር እንጨት ፍቆ፣ በአፉ አላምጦ፣ ከምራቁ ጋር አዋሕዶ ነው። ሌላው ደግሞ ብቻውን የሚኖርና ከግድግዳ ላይ በጭቃ የሚገነባው ነው። ይህኛው ሸረሪት እያደነ ለልጆቹ ቀለብ ጭቃው ውስጥ ያሽጋል። ጎጆውን ለመከላከል ብሎ በሰው ላይ አይዘምትም፤ በእጅ ካልጨበጡት በቀር የሚናደፈውም እምብዛም ነው። ባለ ወረቀቱም ቢሆን ያለ ጥቅም አልተፈጠረም። ልጆቹን የሚመግበው አባጨጓሬና ሌሎች ነፍሳትን እያደነ ነው። እናታችን ተርብ ከጓሮ ጎመኗ ላይ ትል ሲለቅም ስታይ፣ «ይሄስ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሠራተኛዬ ነው» ትላለች።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር፣ ማንም ከማይደርስበት ዛፍ ላይ ያለ ጎጆ ቢተው ጉዳት እንደሌለው ነው። ከበር፣ ከመስኮት፣ ከውዱእ ማድረጊያ ወይም ከመጸዳጃ ቤት አጠገብ ያለው ግን መነሳት አለበት።

ንብና ተርብን አለማምታታትም ያስፈልጋል። ንብ ጠጉራምና ደልዳላ ናት፤ ተርብ ግን ሰውነቱ ለስላሳ፣ መልኩም ብዙ ጊዜ ዥንጉርጉር ነው። በዐረብኛ የሥነ ጽሑፍ መጻሕፍት እንደሚተረከው፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገጣሚ የነበሩት የሐሳን ኢብኑ ሣቢት ልጅ በሕፃንነቱ ተርብ ነድፎት እያለቀሰ መጣ። ስሙን ስላላወቀው፣ ባለ መስመር የየመን ካባ የተከናነበ በራሪ እንደነደፈው ተናገረ። አባትየውም ልጃቸው እንደ ገጣሚ በመናገሩ ተደሰቱ ይባላል።

ንብ በቁርኣን 16ኛው ምዕራፍ፣ ሱረቱ አን-ነሕል፣ በስሟ የተጠራላት ፍጡር ናት። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስም ንብ፣ ጉንዳን፣ ሁድሁድና ሱረድ የምትባለው ወፍ እንዳይገደሉ ተከልክሏል። ስለዚህ የንብ መንጋ ግቢያችን ካረፈ ንብ አናቢ እንጥራ። ተርብ ግን ከአራቱ አልተቆጠረም። ዑለሞችም የሚጎዳ ነፍሳትን ጉዳቱን ለመከላከል መግደል እንደሚፈቀድ ያስረዳሉ። እንግዲህ የሚቀረው ጥያቄ «እንዴት?» የሚለው ነው።

አንድ ጊዜ የሰፈራችን ጎረምሶች ከረጅም እንጨት ጫፍ ጨርቅ አስረው፣ ነጭ ጋዝ ነክረውበት ወደ አንድ ጎረቤት ቤት ሲያመሩ አያታችን ከመግሪብ ሶላት ሲመለሱ አገኟቸው።

«ልጆቼ፣ በእሳት ነው እንዴ?» አሏቸው።

«ታዲያ በምን እንግደለው አባባ?»

«መግደሉን አልከለከልኳችሁም። እሳቱን ግን አስቀምጡት።»

ከዚያም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተቃጠለ የጉንዳን መንደር አይተው፣ በእሳት መቅጣት ለእሳት ጌታ ብቻ የተገባ መሆኑን መናገራቸውን አስታወሷቸው። ቀጥሎም ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀሰሩ። ከክፈፉ ሥር ያለው ደረቅ የባሕር ዛፍ አውራጅ ነው፤ ከውስጥ ያለው ኮርኒስም የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ተርቡን ብሎ የተለኮሰ ችቦ ቤቱን ከነሕፃናቱ ሊያነድ ይችል ነበር። ሸሪዓው የከለከለው ነገር ለራሳችንም አደጋ እንደሆነ ልጆቹ በዓይናቸው አዩ።

እኛ ቤት የሚሠራበት መንገድ ይህ ነው። ቀን ቀን አይነካም፤ ከመሸ በኋላ ተርቦቹ ሁሉ ጎጆው ላይ ሲሰበሰቡና ቅዝቃዜ ሲያደክማቸው ይጠበቃል። ልጆች ከቤት ገብተው በርና መስኮት ይዘጋል። አንድ ጎልማሳ ወፍራም ልብስ፣ ጓንትና ካልሲ ለብሶ፣ ፊቱንና አንገቱን ሸፍኖ ይወጣል። የእጅ ባትሪው ላይ ቀይ ላስቲክ ይታሰራል፤ ነፍሳቱ ቀይ ብርሃንን በደንብ አያዩምና። ከጎጆው ትክክል ሥር ወይም መሰላል ላይ ሳይቆም፣ ንፋሱን ከጀርባው አድርጎ፣ ፍሊቱን ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው መመሪያ መሠረት ይነፋና ወዲያው ገለል ይላል። ፍሊት ከሌለ በሣሙና የወፈረ ውኃ ከርቀት መርጨትም ይገድላል። በማግሥቱ የሚንቀሳቀስ አለመኖሩ ከታየ በኋላ ጎጆው ከነዘንጉ ይፈቀፈቃል። ተርብ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ግን ቀዳዳውን መድፈን አይገባም፤ መውጫ ያጣው መንጋ ወደ ሳሎን ሊዞር ይችላል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ቀድሞ ማየት ነው። ጎጆው ሲጀመር ከሣንቲም ብዙ አይበልጥም፤ አንዲት እናት ተርብ ወይም ጥቂቶች ብቻ ናቸው ያሉበት። በየሳምንቱ ክፈፉን ቃኝቶ ያን ጊዜ በረጅም እንጨት ማንሳት ብዙ ጣጣ ያስቀራል። የቆሻሻ ማጠራቀሚያን መክደን፣ የበሰበሰ ፍራፍሬን ማንሳት፣ የለስላሳ ጠርሙስን ክፍቱን አለመተውም እንዲሁ።

ቢናደፍስ? ንብ መንደፊያዋን ቆዳችን ላይ ትታ ትሞታለች፤ ተርብ ግን ደጋግሞ ይነድፋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ከቦታው መራቅ ነው። ጎጆው አጠገብ ተርብ መጨፍለቅ ሌሎቹን የሚቀሰቅስ ሽታ ያስወጣል። ከዚያ በሣሙና ማጠብ፣ ቀዝቃዛ ውኃ የነካ ጨርቅ መያዝ፣ ጣት ላይ ከሆነ ሳያብጥ ቀለበት ማውለቅ። ታናሽ ወንድማችን ሲነደፍ በዚህ ብቻ በማግሥቱ ኳስ ሜዳ ነበር።

አክስታችን ግን እንዲህ አልሆነችም። ከዚህ ቀደም ተነድፋ ምንም ያልነበራት፣ በሌላ ጊዜ አንዲት ተርብ እጇን ነደፈቻትና በደቂቃዎች ውስጥ ሰውነቷ ሽፍ አለ፤ ከንፈሯ አበጠ፣ ድምፅዋ ሰለለ፣ ትንፋሽ አጠራት። ጎረቤቶች ጭቃ እንቀባ፣ ነጭ ሽንኩርት እንሹ ሲሉ አባታችን ባጃጅ አስቁሞ ጤና ጣቢያ አደረሳት። የአድሬናሊን መርፌ ተወጋች፤ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ በሕይወት አለች። ዱዓው በመንገድ ላይ ባጃጁ ውስጥ ይደረግ ነበር።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ከተነደፈ ሰው ላይ የከንፈር ወይም የምላስ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ መላ ሰውነት ማሳከክ፣ ማስመለስ ወይም ራስን መሳት ካያችሁ አንድ ደቂቃ አትጠብቁ። አፉ ወይም ጉሮሮው ውስጥ የተነደፈና ብዙ ተርቦች የነደፉት ሰውም እንዲሁ ወደ ሐኪም ይሂድ። መተናነሻ ካላጠረው በጀርባው አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ፤ ትንፋሽ ካጠረው ግን ተደግፎ ይቀመጥ።

እናንተ ወጣቶችም፣ የተርብ ጎጆ በድንጋይ መምታት ጨዋታ አይደለም። ወርዋሪው ሮጦ ያመልጣል፤ የሚነደፉት ግን ውኃ ቀድታ የምትመለሰው እናትና ከመድረሳ የሚመጣው ሕፃን ናቸው። ከመንገድ ላይ ጉዳትን ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ተምረናል። እንግዲያው ዛሬ ማታ የራሳችሁንም የአረጋዊ ጎረቤታችሁንም ክፈፍ ቀና ብላችሁ እዩ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።