«ልቤን» ሲሉ የቱን ነው?

የሕክምና ተማሪ ጓደኛ ያላችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። አብረን አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰን፣ አብረን ዩኒቨርሲቲ ገብተን፣ እኛ ጋዜጠኝነታችንን ተምረን፣ ጋዋን ደርበን፣ ፎቶ ተነስተን ሥራ ፍለጋ ስንንከራተት እሷ ገና ተማሪ ናት። ልደት ላይ የለችም፤ ሠርግ ላይ ብትገኝም ጥግ ይዛ ታንቀላፋለች። «ምነው ጠፋሽ?» ስንላት መልሷ አንድ ቃል ነው፤ ወይ «ፈተና» ወይ «ዲዩቲ»።

ሰው ሁሉ የሕክምና ትምህርት የሚከብደው በንባቡ ይመስለዋል። ንባቡማ ከባድ ነው፣ ማን ይክዳል? ፒሲ ዋንና ፒሲ ቱ በሚሏቸው የመጀመሪያ ዓመታት የአጥንቱ፣ የጡንቻው፣ የነርቩ ስም ሁሉ በእንግሊዝኛና በላቲን ይሸመደዳል። ጓደኛችንን ያስጨነቃት ግን እሱ አይደለም። ሲ ዋን ደርሳ፣ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ዋርድ ስትገባ የከበዳት አማርኛ ነው። አዎ፣ የገዛ አፍ መፍቻ ቋንቋዋ!

ነገሩ ወዲህ ነው። ዋርድ የገባ ተማሪ የመጀመሪያ ሥራው «ሂስትሪ» መውሰድ ነው። ታማሚው አጠገብ ቁጭ ብሎ ምን እንዳመመው፣ መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደሚያብሰው ይጠይቃል፤ ይጽፋል፤ ከዚያ ራውንድ ላይ በሲኒየሮቹ ፊት ያቀርባል። ሕመምን ለመጠየቅ የሚሸመድዱት ቅደም ተከተል «ሶክራተስ» ይባላል፤ የእንግሊዝኛ ቃላቱ የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ የፈላስፋውን ስም ስለሚሰጡ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ «ሕመሙን ከ10 ስንት ይሰጡታል?» የሚል ነው። ጓደኛችን አንድ አባትን እንዲህ ብላ ስትጠይቃቸው ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «ልጄ፣ የምን ማርክ ነው?»

ይህስ ያስቃል። የማያስቀው «ልብ» ነው። አንዲት እናት «ልቤን ያቃጥለኛል» ብለው መጡ። ጓደኛችን የደረት ሕመም ብላ ጻፈች። ሬዚደንቱ ግን «እማማ፣ እስቲ በእጅዎ ያሳዩኝ» ሲላቸው እጃቸው ያረፈው ከደረታቸው አጥንት በታች፣ ጨጓራቸው ላይ ነበር። «በቃ ጨጓራ ነው» ብሎ ማለፍም አይቻልም፤ ድንገተኛ የልብ ሕመም አንዳንዴ የላይኛውን ሆድ የሚያቃጥል መስሎ ይመጣልና። እንግዲህ አስቡት፣ የእኛ ልብ ያስባል፣ ይደርቃል፣ ይገዛል፣ ጨጓራንም ይወክላል። ሆዳችን ይቆርጣል፤ ሲከፋን ደግሞ ይባባል። «ኩላሊቴን» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ወገቡን ነው። «ብርድ መታኝ»፣ «ምች ነው»፣ «የወፍ በሽታ»… እነዚህ በየትኛው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይገኛሉ?

የባሰው ደግሞ ሐኪሙም ታማሚውም አንድ ቃል እየተናገሩ ሳይግባቡ ሲቀሩ ነው። «ደም ብዛት»ን ውሰዱ። በሽታው ደም በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት መጨመር ነው፤ የደም መብዛት አይደለም። ስሙ ግን እንደዚያ ይላል። አንዲት ሴትዮ «ደም ማነስ አለብዎት» ሲባሉ ፊታቸው በራ አሉ። ለካ ደም ካነሰ ደም ብዛቱ ለቀቀኝ ብለው ኪኒናቸውን ሊተዉ ነው! ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ እንደሚችሉ፣ ለምሳሌ የቆየ የኩላሊት ሕመም ሁለቱንም እንደሚያመጣ፣ ጓደኛችን ወረቀት ላይ ቧንቧ እየሳለች ነው ያስረዳቻቸው።

ጊዜስ? መጽሐፉ «ከስንት ሳምንት ጀምሮ?» በሉ ይላል። የእኛ ሰው ደግሞ በሳምንት አይቆጥርም፤ በበዓል እንጂ። ፋሲካ ሰሞን የመጡ አንድ አባት ያስላቸዋል። «መቼ ጀመረዎት?» ስትላቸው «ሰሞኑን ነው ልጄ፣ ጉንፋን ነው» አሏት። ይህንኑ ጽፋ ልታልፍ ስትል አንድ ነገር ትዝ አላትና «አባባ፣ ለጥምቀት ታቦት ሲወጣ ያስልዎት ነበር?» አለቻቸው። «እሱማ! ከዚያ ወዲህ መቼ ተወኝ?» ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ሦስት ወር ገደማ ነው። በአገራችን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። አክታቸው ተመረመረ፤ ተገኘባቸውም። ቤታቸው ውስጥ አብረዋቸው የሚያድሩ ሁለት ትንንሽ የልጅ ልጆች ነበሩ። የልጆቹንም ምርመራ ያስጀመረችው ያቺ የጥምቀት ጥያቄ ናት።

አማርኛ የማይችል ታማሚ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጓደኛችን ባለችበት ዋርድ ለዚህ ተብሎ የተቀጠረ አስተርጓሚ የለም። የሚያስተረጉመው አስታማሚ፣ ጎረቤት ታማሚ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ነው። አንዲት ኦሮምኛ ብቻ የምትናገር ወጣት ሚስት ከአማቷ ጋር መጣች። «ከዚህ በፊት አርግዘሽ ታውቂያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ወደ እሷ የሚደርሰው በባሏ አባት አፍ ነው። መልሱ «የለም» ሆነ። ሰውየው ካርድ ክፍል ሲላኩ ግን በአንዲት ነርስ በኩል ያው ጥያቄ እንደገና ተጠየቀ፤ ሁለት ጊዜ አስወርዷት ነበር። ጥያቄው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ያደረሰው ሰው ነው።

«ምን ችግር አለው፣ አሁን እኮ መሣሪያ አለ፣ ኤምአርአይ አለ» የምትሉ አትጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝ አገር የታተመ አንድ ጥናት 80 አዲስ ተመላላሽ ታካሚዎችን ተከታትሎ ነበር። በ66ቱ ላይ ሐኪሙ የላኪውን ሐኪም ደብዳቤ አንብቦ፣ ታካሚውን አነጋግሮ ብቻ የገመተው በሽታ በኋላ ከተረጋገጠው ጋር አንድ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሐኪሞች ታካሚውን የሚያቋርጡት በአማካይ ንግግሩን በጀመረ በ18 ሰከንድ ውስጥ ነው ይላል። 18 ሰከንድ! የእኛ ሽማግሌዎች በዚያ ጊዜ ሰላምታውንም አይጨርሱ።

እኛ ጋዜጠኞቹ ስለ መጠየቅ ተምረናል። ጥያቄህ ክፍት ይሁን፣ መልሱን አታጉርስ፣ ምንጭህ ዝም ሲል አንተም ትንሽ ዝም በል ተብለናል። ማይክራፎን ይዘን መንገድ ላይ ሰው እያስቆምን ተለማምደናል። ጓደኛችን ግን በአማርኛ ሕመም እንዴት እንደሚጠየቅ ክፍል ውስጥ ያስተማራት የለም፤ የተማረችው ሲኒየሮቿ ሲጠይቁ ከኋላ ቆማ እያየች ነው። እኛ ብንሳሳት በማግሥቱ እርማት እናወጣለን። እሷ እርማት የምታወጣበት ዓምድ የላትም። ይህ ነገር በአጋጣሚ የሚለቀም ሳይሆን እንደ አናቶሚው ሰዓት ተመድቦለት፣ መምህር ቆሞለት፣ ፈተና ወጥቶለት ሊሰጥ ይገባል እንላለን። ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ ሲዳምኛውም እንደዚሁ።

እስከዚያው ጓደኛችን አንዲት ትንሽ ደብተር አላት። በግራ በኩል ታማሚዎች ያሉት ቃል፣ በቀኝ በኩል ምን ምን ሊሆን እንደሚችል ትጽፋለች። ከእሷ በኋላ የመጡት ተማሪዎች ገጾቹን በስልክ እያነሱ በቴሌግራም ይላላኩታል። «ልብ» ለብቻው አንድ ገጽ ተኩል ወስዷል።

እኛስ? እኛም እኮ ነገ ታማሚ ወይም አስታማሚ ነን። ስለዚህ እሷ የምትለንን እንንገራችሁ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የሚያማችሁን ቦታ በእጃችሁ አሳዩ። «ሰሞኑን» አትበሉ፤ የጀመራችሁን ቀን ካላወቃችሁት በዓሉን ጥሩ። የምትወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ፤ የአገር ባህል መድኃኒት ከሆነም አትደብቁ። ያልገባችሁን ቃል «ምን ማለት ነው?» በሉ። እናታችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ እባካችሁ በእሳቸው ፈንታ አትመልሱ። ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ፣ ደብተር ይዛ አልጋው አጠገብ የምትቆመው ልጅ መስማት የምትፈልገው እሳቸውን ነው።

ቸር እንሰንብት!